ሞተር ለምን ያልበዋል? አሉሚኒየምን የማሟሸት ታሪክ

አሮጌ መኪና ያለው ጎረቤት ካላችሁ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ሞተሩ ታጥቧል፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው፣ ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም፤ ጠዋት ግን አሉሚኒየሙ ላይ ስስ የዘይት ወዝ አለ። መካኒኩ «ይሄ ነገር ያልበዋል» ይላል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ልክ ነው።

ችግሩ የተወለደው አሉሚኒየሙ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በፈሰሰበት ዕለት ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል። 660 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲረጋ ግን፣ ጠጣሩ መያዝ የሚችለው ፈሳሹ ከሚይዘው ጋዝ 20ኛውን እጅ ያህል ብቻ ነው። የተረፈው አረፋ ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ የእንጀራ ዓይን በሉት። በዚያ ላይ ሲረጋ 6 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር ሌላ ክፍተት ይጨመራል። ዓይኖቹ ለየብቻ ከሆኑ ችግር የለም። ከተያያዙ ግን ዘይት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ለዚህም ነው ደህና የነበረ ቴስታታ ፊቱ ከተላገ በኋላ ማፍሰስ የሚጀምረው፤ ጥቅጥቅ ያለው ቆዳው ተነስቷላ!

እ.ኤ.አ. በ1903 የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላን ያበረረው፣ ቻርሊ ቴይለር የሠራው ሞተር ገላው እንዲህ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነበር። ብረቱ ቀላል ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በየሞተሩ ገባ። የሚያፈሰውን ሁሉ መጣል ደግሞ ኪሳራ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

መልሱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። የፋብሪካ ሰዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ የተልባ ዘይት አጠጡት። ቀጥሎ ሶዲየም ሲሊኬት መጣ፣ «የውሃ መስታወት» የሚባለው። ውሃው ሲተን መስታወት መሰል ጠጣር ይቀራል። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ውሃው ሲወጣ የቀረው ክፍተቱን አይሞላም፣ ሥራውን መድገም ይመጣል።

በ1953 የትሪኒቲ ኮሌጁ ኬሚስት ቨርነን ክሪብል፣ በኋላ ሎክታይት የተባለውን ማጣበቂያ ሠራ። አየር ሲያገኝ ፈሳሽ ነው፤ አየር አጥቶ ብረት ሲነካ ይጠጥራል። የተሠራው ለብሎን ነበር፤ ግን አየር የማይገባበት ጠባብ ቀዳዳስ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? የዚሁ ዘር የሆኑ ሙጫዎች ብረት ማሟሸት ላይ ዋሉ። ክፍሉ ታንክ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ከየቀዳዳው በፓምፕ ይመጠጣል፣ ሙጫው ይለቀቃል፣ የአየር ግፊት ራሱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

«ከውጭ ማስቲሽ ብንቀባውስ?» ካላችሁ፣ ይሞከራል፤ ከኋላ የሚገፋው ትኩስ ዘይት ግን ቀስ በቀስ ይልጠዋል። ለዓመታት ዘይት የጠጣ ብረት ደግሞ መጀመሪያ በደንብ ካልጸዳ ሙጫም አይቀበልም።

እኔን የሚገርመኝ የውሃ መስታወቱ ዕጣ ነው። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ የሚፈጁ አሮጌ መኪናዎችን ከመንገድ ሲያስወጣ፣ ሞተራቸው ዳግም እንዳይሠራ ዘይቱ ተቀድቶ በምትኩ የፈሰሰበት እሱ ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ይግላል፣ ውሃው ይተናል፣ የቀረው ጠጣር ኩሽኔታውን ይዞ ያቆመዋል። ከ650,000 በላይ መኪናዎች በዚያ ፕሮግራም ተሰናበቱ።