ሕልም እንደ ፈቺው

አባቴ ባረፉ በሰባተኛው ወር አንድ ሕልም አየሁ። በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ለፊት፣ ጠርዙ ያለቀ የቁጠባ ደብተር ይዘው ቆመዋል። እኔም ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ «መታወቂያ ይዘዋል?» አልኳቸው። ደንግጬ ነቃሁ። በዚያው ሌሊት መብራት አብርቼ አሥራ ስድስት ስንኝ ጻፍኩ። ግጥሙ አንድ ሌሊት ወሰደብኝ፤ ርዕሱ ግን ሦስት ዓመት። «አባቴ» አልኩት፤ ሰረዝኩት። «ሕልም» አልኩት፤ ሰረዝኩት። «ናፍቆት» አልኩት፤ እሱም ለሌላ ሰው የተሰፋ ካፖርት መስሎ ታየኝ።

ያገራችን ሰው «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላል። ርዕስ ፍለጋ ስባዝን ይህ አባባል ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር። ከሕልማቸው ልብ ወለድ የጻፉ ሰዎች ርዕሱን ከወዴት አገኙት? ሕልሙ ራሱ ነገራቸው ወይስ ነቅተው ፈለጉት? እነሆ፣ ሳገላብጥ ያገኘሁትን ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ላካፍል። (ስለ ውጭ ደራስያን የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሆራስ ዎልፖል ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፣ ራሱም የፓርላማ አባል ሲሆን፣ ለንደን አቅራቢያ ስትሮበሪ ሂል በተባለ ስፍራ መኖሪያውን እንደ ጥንት ግንብ አድርጎ ያሳነጸ ሰው ነበር። በ1764፣ በጁን ወር መጀመሪያ፣ አንድ ማለዳ ከሕልም ነቃ። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጠው ያስታወሰው ጥቂት ነው፦ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ እንደነበረና በትልቁ ደረጃ መደገፊያ አናት ላይ ጥሩር የለበሰ ግዙፍ እጅ እንዳየ። ምን እንደሚል ሳያውቅ በዚያው ምሽት ብዕር አነሣ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ታሪኩን ፈጸመ።

ርዕሱ ግን ከሕልሙ አልመጣም። ዎልፖል ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የኔፕልስን መንግሥት ካርታ ተመልክቶ ለጆሮ የሚጥም ስም ፈለገ፤ «ኦትራንቶ» የሚለው ድምፅ ደስ አሰኘው። በዚያ ከተማ ግንብ ይኑር አይኑር እንኳ አያውቅም ነበር። መጽሐፉ «የኦትራንቶ ግንብ» ተብሎ በ1764 መጨረሻ ሲወጣ ደራሲው ስሙን ደብቆ፣ ከቆየ የጣልያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ አስመሰለው። አንባቢ ከወደደለት በኋላ፣ በ1765 በታተመው ሁለተኛ እትም ደራሲነቱን ገለጠ፤ ከርዕሱም ሥር «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ሐረግ አከለ። ያቺ ትንሽ ሐረግ የአንድ ሙሉ የአጻጻፍ ዘርፍ መጠሪያ ሆና ቀረች።

ይህን ሳነብ ያገራችን ታሪክ ትዝ አለኝ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1908) ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ዛሬ «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው መጽሐፍ፣ ያኔ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነበር። ዛሬ ዘርፉን ሁሉ የምንጠራበት ቃል እዚያ ሽፋን ላይ ሰፍሮ ነበር። ልብ የወለደው ታሪክ! ለሕልም ከዚህ የቀረበ ስም ከየት ይገኛል?

ሁለተኛዋ ኋላ ሜሪ ሼሊ ተብላ የታወቀችው ወጣት ናት። በኤፕሪል 1815 በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለጋረደ፣ የ1816 በጋ በአውሮፓ ብርዳምና ዝናባም ሆነ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለቅኔው ባይረን በተከራየው ቤት የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ዝናቡ ከቤት ቢያውላቸው እያንዳንዳቸው አንድ አስፈሪ ታሪክ ሊጽፉ ተስማሙ። የ18 ዓመቷ ሜሪ ግን ታሪክ እምቢ አላት። በመጨረሻ አንድ ሌሊት፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ሁኔታ ውስጥ ሳለች፣ አንድ የገረጣ ተማሪ ራሱ ገጣጥሞ ከሠራው ፍጡር አጠገብ ተንበርክኮ ታያት። ፍጡሩም ተንቀሳቀሰ። ይህን የተረከችው ራሷ ናት፣ ለ1831ዱ እትም በጻፈችው መግቢያ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ራእይ ተማሪውም ፍጡሩም ስም አልነበራቸውም። ሜሪ ነቅታ ስትጽፍ ለአንዱ ብቻ ስም ሰጠች። በጃንዋሪ 1818 ያለ ደራሲ ስም የታተመው መጽሐፍ «ፍራንከንስታይን» የተባለው በሠሪው ነው። ፍጡሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ስም አልባ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን ሲባል ጭራቁ ይመስለዋል፤ ርዕሱ ግን ጣቱን የቀሰረው በሠራውና ሠርቶ በጣለው ሰው ላይ ነው። ሕልሙ ፍርሃት ነበር፤ ርዕሱ ፍርድ ሆነ።

ሦስተኛው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ልዊስ ስቲቨንሰን ነው። በ1885 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በቦርንመዝ ከተማ ታሞ ተኝቶ ሳለ አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ጮኸ። ሚስቱ ፋኒ ብትቀሰቅሰው፣ ግሩም የሆነ አስፈሪ ታሪክ አቋረጥሽብኝ ብሎ ተቆጣት። በ1888 ስለ ሕልም ባሳተመው ጽሑፉ እንደሚነግረን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ታሪክ ሲያማጥ ከርሞ ነበር። ሕልሙ የሰጠው ጥቂት ትዕይንቶችን ነው፤ ከነዚህም አንዱ በወንጀል የሚታደን ሰው በአሳዳጆቹ ፊት ዱቄት ውጦ ሲለወጥ የሚያሳይ ነው። የቀረውን ነቅቶ ሠራው። በዚያው ጽሑፍ፣ ባንኩ ደብዳቤ መላክ ሲጀምር በእንቅልፍ ልቡ ያሉት ትንንሽ ሠራተኞቹም ተግተው ታሪክ ማበጀት እንደሚጀምሩ ይቀልዳል። እነዚያን ደብዳቤዎች የምጽፍ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

መጽሐፉ በጃንዋሪ 1886 ታተመ፤ «የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ እንግዳ ጉዳይ» ተብሎ። ርዕሱን በያኔው አንባቢ ዓይን እንየው። የጠበቃ ቢሮ ፋይል ይመስላል፤ የሁለት ሰዎች ስም ተጽፎበታል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ስቲቨንሰን በሕልሙ ያየው መለወጡን ነበር፤ ርዕሱ የሸሸገው ያንኑ ነው።

እንግዲህ የሦስቱ ታሪክ አንድ ነገር አስተማረኝ። ሕልም ምስል ይሰጣል እንጂ ስም አይሰጥም። ስሙ የፈቺው ሥራ ነው፤ ፈቺውም የነቃው ሰው ነው። አንዱ በጆሮው፣ አንዷ በኅሊናዋ፣ አንዱ በዝምታው ፈታው። ሦስቱም ግን «አስፈሪ ሕልም» ብለው አልሰየሙትም። የእኔ የተሰረዙ ርዕሶች ሁሉ ስሜቴን የሚናገሩ ነበሩ፤ ሕልሜን የፈታ አልነበረም።

ፍቺውን ለምን እንደሸሸሁት አሁን አውቃለሁ። አባቴ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን በእውን ወደ መስኮቴ መጥተው ነበር። የወር መጨረሻ ነበር፤ ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። ቀና ብዬ እንኳ በቅጡ ሳላያቸው «ተራዎን ይጠብቁ» አልኳቸው። ቃል ሳይናገሩ ከሰልፉ ኋላ ሄደው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ የሄዱበትን ጉዳይ ጨርሰው፣ መርቀውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተውብኝ አያውቁም።

ባለፈው እሑድ ግጥሙን ከመሳቢያ አወጣሁት። ከስንኞቹ አንድም አልነካሁ። ከላይ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ «መታወቂያ» ብዬ ጻፍኩ።