በረባሶ፦ ከጎሚስታ ደጅ እስከ ፈረንጅ ሱቅ

እስኪ ዛሬ ስለ ጫማ እናውጋ። ስለ ኮንቨርስ አይደለም፣ ከቦንዳ ተመርጦ ስለሚገዛ ስኒከርም አይደለም፤ ስለ በረባሶ ነው። አዎ፣ ያ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው! በእኛ በከተማ ልጆች መሐል ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። በረባሶ ያደረገ ሰው ማለት ለእኛ ገና ከገጠር የገባ፣ ያልነቃ ማለት ነው። ግን ደግሞ ከአሮጌ ጂንስ ቦርሳ ስንሰፋ፣ ከጠርሙስ መብራት ስንሠራ፣ ያረጀ ጎማ ቀለም ቀብተን ሳሎን ውስጥ ወንበር ስናደርግ «ዲዛይን» እንለዋለን። አንዱ ሲሠራው ድህነት፣ ሌላው ሲሠራው ፋሽን የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ወሎ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ እንውጣ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ብዙም አይርቅም። ስሙን የምናውቀው በ1870 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖቱን ክርክር በአዋጅ የቋጩበት፣ በዚያው ሰሞንም የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉበት። ነገሥታቱንና ሊቃውንቱን ታሪክ መዝግቦልናል። ስለ እግራቸው ግን የሚያወራልን እምብዛም ነው! የቆዳ ነጠላ ጫማ የነበረው ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛው ገበሬና ወታደር ግን በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ የክተት አዋጅ አውጀው ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበውና አድዋ ድረስ የዘመተው ሠራዊትም ቢሆን በአብዛኛው ጫማ አያውቅም ነበር።

ታዲያ በረባሶ ከየት መጣ? ከመንገዱ ነዋ! ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሠራ፤ ከአሰብ ወደብ ወደ ደሴ የሚወጣውንም ዘረጋ። ሁለቱ መንገዶች ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛሉ። ጣሊያን ተባረረ፣ መንገዱና ካሚዮኑ ቀረ። ከዚያ በኋላ የአሰብ ጭነት በዚሁ ያልፍ ነበር። የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጭነት የተሸከመ መኪና በዚያ መንገድ ላይ ጎማ ይበላል። ያለቀው ጎማ ደግሞ ጎሚስታው ደጅ ይከመራል። ለአንዱ ቆሻሻ፣ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ማለት ይኸው ነው።

አሠራሩን ላላየ እንንገረው። ጎማው በተሳለ ቢላዋ በእግር ልክ ይቆረጣል። መሬት የሚነካው ወፍራሙ ክፍል ሶል ይሆናል፤ አየር ከሚሞላው የውስጥ ላስቲክ ጠፍር ይተለተላል፤ ጠፍሩ በሶሉ ጎንና ጎን በሚስማር ይመታል ወይም በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። ማሽን የለ፣ መብራት የለ! የጎማው ጥምዝ ስለማይጠፋ ጫማው እንደ ጀልባ ከፊትና ከኋላ ቀና ይላል። ችግሩ፣ ዛሬ በብዛት የሚመጣው ጎማ ውስጡ የብረት ሽቦ አለበት፤ ለቢላዋ አይመችም። በዚያ ላይ የላስቲክ ጫማው ገበያውን ሞላው።

አሁን ወደ ቦሩ ሜዳ እንመለስ። ሚሲዮናውያን እዚያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ከፍተው ነበር፤ አካባቢው በዚህም ይታወቃል። ለረጅም ዘመን ሰው ሥጋ ደዌ ጣትን በራሱ የሚቆርጥ ይመስለው ነበር። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ማብቂያ በደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ላይ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ በሽታው ነርቭን ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል፤ ከዚያ እሾህ ቢወጋው፣ ድንጋይ ቢልጠው ሰውየው አይሰማውም፤ እግሩን የሚያሳጣው ያ ቁስል ነው። ስለዚህ ጫማ መድኃኒት ሆነ! ለእንዲህ ያለው እግር በሚሠራ ጫማ ላይ ከውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ከታች እሾህ የማይበሳው ጠንካራ ሶል ይደረጋል፤ ለዚህም የመኪና ጎማ በብዙ አገር አገልግሏል። ሚስማር ግን ክልክል ነው፤ ቢወጣና ቢወጋ የሚሰማው የለማ።

እኛ የምንስቅበት ጎማ የሰው እግር አትርፏል ማለት ነው።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ዘነበወርቅ ሰፈር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ነው። ለሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩ ብዙ ናቸው፤ ሰውም ሰፈሩን ሲሸሸው ኖሯል። እዚያ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ሥራ ጀመረች። ሶሉ? ያው አሮጌ ጎማ! ላዩ ደግሞ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ። ጫማው ባሕር ተሻግሮ በዶላር ተሸጠ። ቬትናሞችም ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ጋር ሲዋጉ ያደረጉትን የጎማ ጫማ በሆ ቺ ሚን ስም ይጠሩታል፤ በሙዚየም ያስቀምጡታል እንጂ አይስቁበትም።

ልብ በሉ፣ ቤተልሔም አዲስ ሶል አልፈለሰፈችም። በየጎሚስታው ደጅ የነበረውን አነሣች፣ አሳመረች፣ የማን እንደሆነም ተናገረች። ልዩነቱ ያ ነው። በረባሶ ቆራጩ ግን እስከ ዛሬ ስም የለውም። እኛ ደግሞ ከዩቲዩብ ፈረንጅ አሮጌ ጎማ ሲቆርጥ እያየን እንማራለን፤ ያንኑ ሙያ የሚያውቁ አባት ግን ገበያ ዳር ተቀምጠዋል!

ብረት ያለው ጎማ መጥቷል፣ የላስቲክ ጫማ መጥቷል፤ ሳቃችን ከተጨመረበት ሙያውን የሚወርስ ልጅ አይገኝም። ስለዚህ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ገበያ ብቅ ስትሉ ከአንዱ ቆራጭ ዘንድ ቁጭ በሉ። ዋጋ አትከራከሯቸው። ቢላዋው እንዴት እንደሚያዝ ጠይቋቸው። ከፈቀዱላችሁም የመጀመሪያውን በረባሶ በእግራችሁ ልክ ራሳችሁ ቁረጡ።

ቸር ያሰንብተን!