ሐረር፤ ባሕር የሌላት ወደብ

ወደብ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ባሕርና መርከብ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርታችን በሜድትራንያን ባሕር ደሴቶች ላይ ስላሉት ስለ ሮድስና ስለ ቫሌታ ተምረናል፤ እነርሱም በግንብ የታጠሩ፣ መንገዳቸው የጠበበ፣ የሩቅ አገር ነጋዴ ያርፍባቸው የነበሩ ከተሞች ናቸው። የእኛዋ ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ማዕበል ሳታይ የወደብ ሥራ ስትሠራ ኖራለች። ይህንን በዐይናችን አይተን ለመረዳት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በአንድ የዕረፍት ቀን ሳንቸኩል በእግራችን ዞርናት።

የገባነው በሸዋ በር ነው። ጀጎል የተባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው ኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ጥንታውያኑ በሮች 5 ናቸው፤ ይኸውም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። መርከብ ወደብ ደርሳ መልሕቋን እንደምትጥል፣ ከዘይላና ከበርበራ በረሃውን አቋርጦ የመጣው የግመል ሲራራም ጉዞው የሚፈጸመው በእነዚህ በሮች ነበር። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅና ሌላውም የውጭ አገር ዕቃ ወደ ደጋው ይወጣል። ኤሚሮቹም በስማቸው ገንዘብ ያስመቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ መጥቶ፣ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ያየውን ጽፎአል።

ሀብት ያለበትን በር የሚመኘው ብዙ ነው። የግብጽ ጦር በ1868 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዞ እስከ 1877 ዓ.ም. ቆየ። እርሱ ከወጣ በኋላ ኤሚር አብዱላሂ ነገሡ፤ ነገር ግን በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ግዛቱንም ለደጃዝማች፣ በኋላም ራስ ለተባሉት ለመኰንን ሰጡ።

በጠባቡ መንገድ እያዘገምን ፈረስ መጋላ ስንደርስ ይህን ታሪክ በድንጋይ ተሠርቶ አገኘነው። በአንድ አደባባይ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና በጨለንቆ ለወደቁት የቆመው ሐውልት ይታያሉ። ከእኛ መካከል አንዱ በዚያ የሚሳለም፣ ሌላው በዚህ አያቶቹን የሚያስብ ነበርና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። አንዱን ብቻ አንብቦ የሚሄድ የሐረርን ታሪክ በግማሽ እንደ ተማረ ያህል ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም በ1873 ዓ.ም. መጥቶ በዚህች ከተማ ቡናና ቆዳ ነግዶአል። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ውብ ቤት የሠራው ግን አንድ የሕንድ ነጋዴ ነው ይባላል። ወደብ የሚያሰኘውም ይህ ነው፤ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ አንድ ምልክት ትቶ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስላስቸገረው በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ሥፍራ አስቀድሞ አዲስ ሐረር ተባለ፤ እርሱም ድሬዳዋ ነው። ንግዱ ባቡሩን ተከትሎ ወረደ፤ የግመሉም መንገድ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ታዲያ ንግዱ የራቃት ወደብ ምን ይቀርላታል? መልሱን ያገኘነው በአንድ የሐረሪ ቤት ነው። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ፣ ነደባ የሚባለው ቀይ መደብ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው በስፌት ተሞልቶ አየን። መቀመጫው ለሽማግሌ፣ ለእንግዳና ለልጅ የተለየ ነው። ቀይ ቀለሙ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም እንደሚያስታውስ ነገሩን። ደሙን ሲያስታውሱም እንግዳን አይገፉም፤ ለእኛም ቦታ ለቀው አስቀመጡን።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦአታል። መዝገብ ግን ግድግዳ አያድስም፤ አንድ አሮጌ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ከታሪካችን አንድ ገጽ ይቀደዳል። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን የሚያውቁትን ይንገሩን፤ እኛም ታናናሾቻችንን ይዘን ከበር እስከ በር እንዙር። ሲራራው ቢቀር እንግዳ የመቀበል ልማድ እንዳይቀር የመጠበቁ ዕዳ የእኛ ነው።