መቶ ለአንድ፦ ፎይናቨን ያሸነፈበት ቅዳሜ

መጋቢት 30 ቀን 1959 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 8 ቀን 1967፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዟ ሊቨርፑል ዳርቻ፣ ኤይንትሪ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ፣ 44 ፈረሶች ለግራንድ ናሽናል ውድድር ሊሰለፉ ነው። የማለዳ ጋዜጦች የፈረሶቹን ስም፣ የተጫነባቸውን ክብደት፣ የጋላቢዎቻቸውንና የአሰልጣኞቻቸውን ማንነት ደርድረው፣ ከሥሩ የየራሳቸውን ገማች ምርጫ አስፍረዋል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ፈረስ ሳያስብ የሚከርም እንግሊዛዊ እንኳ በዚህ ቀን አንድ ስም መርጦ ጥቂት ሽልንግ ያስይዛል። የውርርድ ሱቆች በሕግ ከተፈቀዱ ስድስተኛ ዓመታቸውን እየያዙ ስለነበር፣ ለመወራረድ ሜዳው ድረስ መሄድ ቀርቷል፤ ጋዜጣውን አንብቦ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ብቅ ማለት ይበቃል።

በዚያ ማለዳ የብዙዎች ዓይን ያረፈው ሃኒ ኤንድ በተባለው ፈረስ ላይ ነበር። አሰልጣኙ ራያን ፕራይስ፣ ጋላቢው ጆሽ ጊፎርድ፣ ሁለቱም በመሰናክል ግልቢያ አንቱ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። የውርርዱ ተመን 15 ለ2 ነበር፤ ሁለት ፓውንድ ያስያዘ ሰው ፈረሱ ቢያሸንፍለት 15 ፓውንድ ያተርፋል ማለት ነው። በዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ ፎይናቨን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ፈረስ አለ። ተመኑ 100 ለ1 ነው። ከዕለቱ ገማቾች አንዱ ይህን ፈረስ ያለ ሥጋት መተው እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንደኛ የወጣው ግን እሱ ሆነ።

ይህ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሲነገር የኖረው በአብዛኛው ገማቾችን ለመተቸት ነው፤ “አዋቂ ነን ባዮቹ ምን አወቁ?” ለማለት። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ገማቾች ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። የኤይንትሪ ትልቁ ትምህርት ያለው ግምቱ በመክሸፉ ላይ ሳይሆን፣ ግምት ከከሸፈ በኋላ ውድድሩ እንዴት መነበብ እንዳለበት ነው።

የገማቹ ሚዛን

ግራንድ ናሽናል የተለመደ እሽቅድምድም አይደለም። በዚያ ዘመን ርቀቱ ከ7.2 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ሜዳው 16 መሰናክሎች አሉት፤ 14ቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚዘለሉ ፈረሱ በጠቅላላው 30 ጊዜ ይዘላል። በ1839 በተካሄደው ውድድር ካፒቴን ማርቲን ቤቸር የተባለ ጋላቢ ከነፈረሱ ወድቆ ውኃ ውስጥ በመግባቱ፣ ያ መሰናክል እስከ ዛሬ ቤቸርስ ብሩክ እየተባለ በስሙ ይጠራል። የዚያ ዓመት አሸናፊ ፈረስ ስም ሎተሪ ነበር።

ከ1843 ጀምሮ ደግሞ ውድድሩ በክብደት የሚመዘን ሆነ። የክብደት መዳቢው ባለሙያ የእያንዳንዱን ፈረስ ያለፈ ውጤት ይመረምርና ጠንካራ ለሆነው ከባድ፣ ደካማ ለሆነው ቀላል ሸክም ይወስናል። ጋላቢው ከነኮርቻው ይመዘናል፤ ከተወሰነው ካነሰ ልዩነቱ በእርሳስ ይሞላል። በ1960ዎቹ የናሽናል ከፍተኛው ክብደት 76 ኪሎ ገደማ፣ ዝቅተኛው 63.5 ኪሎ ነበር። ዓላማው ሁሉም ፈረስ መጨረሻው መስመር ላይ እኩል እንዲደርስ ማድረግ ነው። የገማቹ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ መዳቢው የቱ ፈረስ ላይ ከሚገባው በታች ጫነ? የትኛውን ፈረስ አላወቀውም?

ለዚህም ገማቹ የፈረሱን መዝገብ ይገልጣል። በየውድድሩ ስንተኛ እንደወጣ፣ ወድቆ እንደሆነ፣ አልዘልም ብሎ እንደቆመ፣ ጋላቢውን ጥሎ እንደሆነ፣ ሁሉም በቁጥርና በፊደል ተጽፎለታል። በረጅም ርቀት ትንፋሹ ይበቃዋል? ጭቃ ይወዳል ወይስ ደረቅ መሬት? ከብዙ ፈረስ መካከል ሲገባ ይደነግጣል? ማን ይጋልበዋል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሶ ሲጨርስ ከ44ቱ ስምንት ወይም አሥር ስም ይቀረዋል።

ፎይናቨን በዚህ ወንፊት የሚያልፍ ፈረስ አልነበረም። ቀድሞ የዌስትሚንስተር ዱቼስ የአን ንብረት ነበር፤ እሳቸው የታላቁ ፈረስ የአርክል ባለቤት ነበሩ። ሁለቱም ፈረሶች ስማቸውን ያገኙት በሰሜን ስኮትላንድ ጎን ለጎን ከቆሙ ተራሮች ነው። አርክል ከ1964 እስከ 1966 የቼልተናምን የወርቅ ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲያነሳ፣ ፎይናቨን ግን ተስፋ ስላልተጣለበት ተሸጠ። በ1967 ማርች በዚያው የወርቅ ዋንጫ ሲሮጥ የተሰጠው ተመን 500 ለ1 ነበር። ለናሽናል የተመደበለትም ዝቅተኛው 63.5 ኪሎ ነው። አሰልጣኙ ጆን ኬምፕተን ራሱ ጋላቢ ቢሆንም ለዚያ ክብደት ከባድ ነበር፤ በዕለቱም ሌላ ፈረስ ሊጋልብ ወደ ዉስተር ሄደ። የፈረሱ ባለቤትም ኤይንትሪ አልተገኘም። ግልቢያው ውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የተሰጠው ለ26 ዓመቱ ጆን በኪንገም ነው፤ በኪንገም ናሽናልን ከዚያ በፊት ጋልቦ አያውቅም። ይህን ሁሉ የተመለከተ ገማች ሌላ ምን ሊጽፍ ይችል ነበር?

ሃያ ሦስተኛው መሰናክል

ውድድሩ ተጀመረ። ፖፓም ዳውን የተባለው ፈረስ የመጀመሪያው መሰናክል ላይ ጋላቢውን አጣ። ባዶ ኮርቻውን እንደተሸከመ ግን መንጋውን ተከትሎ መሮጡን ቀጠለ። ፈረስ ከጓደኞቹ መነጠል አይወድም፤ ጋላቢ ባይኖረውም ከመንጋው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ በናሽናል ልቅ ፈረስ ሁልጊዜ አለ፤ ሁልጊዜም አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ዙር አልቆ ሁለተኛው ተጋመሰ። አስፈሪው ቤቸርስ ብሩክ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘለለ። ቀጣዩ 23ኛው መሰናክል ከሜዳው ዝቅተኛ መሰናክሎች አንዱ ነው፤ ቁመቱ 1.37 ሜትር። ጋላቢዎች እዚያ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት እንጂ የሚሰጉበት አልነበረም። ፖፓም ዳውን እዚያ ሲደርስ አልዘለለም፤ ድንገት ዞሮ መሰናክሉን ተከትሎ በአግድም ሮጠ። ከኋላው በሙሉ ፍጥነት ይመጡ የነበሩት መሪ ፈረሶች በደረታቸው ተጋጩ። ጋላቢዎች በፈረሶቻቸው አንገት ላይ አልፈው ተወረወሩ፤ ፈረሶች ቆሙ፣ ዞሩ፣ ከኋላ በሚመጡት ተገፉ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የ23ኛው መሰናክል ፊት በሰውና በፈረስ ታጨቀ።

ፎይናቨን ከኋላ፣ ከመሪዎቹ ርቆ ይመጣ ነበር። በኪንገም የሆነውን ለማየት ጊዜ አገኘ። ልጓሙን ሰብስቦ፣ በተጠላለፉት መካከል መንገድ ፈልጎ፣ ክፍተት ወዳለበት መራው። ፈረሱም ሳያመነታ ዘለለ። ያን መሰናክል በመጀመሪያ ሙከራ ያለ እንከን የተሻገረው እሱ ነበር።

ከፊቱ ሰባት መሰናክሎች ይቀራሉ፤ ከመጨረሻው መሰናክል በኋላም 450 ሜትር ያህል ሜዳ አለ። ሌሎቹ ጋላቢዎች ፈረሶቻቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ የወደቁትም እንደገና ተፈናጥጠው፣ መሰናክሉን ዳግም እየዘለሉ አሳደዱት። ጊፎርድ ሃኒ ኤንድን ይዞ ርቀቱን እያጠበበ መጣ። ግን አልደረሰበትም። ፎይናቨን በ15 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ፤ ሃኒ ኤንድ ሁለተኛ፣ ሬድ አሊጌተር ሦስተኛ ሆነ።

የገንዘቡ ነገር የዚያን ቀን መገረም በደንብ ያሳያል። አወራራጆቹ በ100 ለ1 ከፈሉ። ቶት የተባለው የጋራ መዝገብ ግን 444 ለ1 ከፈለ። ቶት አስቀድሞ ተመን አይቆርጥም፤ ተወራራጆች ያስያዙትን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ላይ ያደርግና ድርሻውን ቀንሶ ለአሸናፊዎቹ ያካፍላል። ክፍያው ያን ያህል ከፍ ያለው ፎይናቨንን የመረጠው ሰው በጣም ጥቂት ስለነበረ ነው።

ዕድሉ ምን ያህል ዕድል ነበር?

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል የአገራችን ሰው። የኤይንትሪው ቅዳሜም በዚህ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ዕድል ፎይናቨንን ያደረሰው እስከ 23ኛው መሰናክል ድረስ ብቻ ነው። ክፍተቱን ማየት፣ ሳይደናገጡ መምረጥ፣ የደከመ ፈረስን ግርግር መካከል አስገብቶ ማዝለል የበኪንገም ሥራ ነበር። ከዚያም ብቻውን ሰባት ጊዜ ዘልሎ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ውድድር መጨረስ የፈረሱ ጉልበት ነው። ተስፋ ያልተጣለበት ፈረስ በዚያ ቀን 30ውንም መሰናክል አልፏል።

እንዲህ ያለ ነገር በኤይንትሪ ሲከሰትም የመጀመሪያው አልነበረም። በ1928 ከ42ቱ ፈረሶች መሪዎች አንዱ የነበረው ኢስተር ሂሮ ካናል ተርን በተባለው መሰናክል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ከኋላው የነበሩትን አሰናከለ። ሩጫውን የፈጸሙት ሁለት ፈረሶች ብቻ ነበሩ፦ ያሸነፈው ቲፐራሪ ቲም፣ በመጨረሻው መሰናክል ወድቆ ጋላቢው እንደገና የተፈናጠጠው ቢሊ ባርተን። የቲፐራሪ ቲም ተመንም 100 ለ1 ነበር። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ገማች የትኛው ፈረስ በአደጋ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። አደጋ ራሱ የዚህ ውድድር አካል መሆኑን ግን ያውቃል፤ ስለዚህም በእርግጠኝነት አይጽፍም።

በዚያ ቀን የዝግጅት ጥቅም ከሁሉ ይበልጥ የታየው በውድድሩ ዘገባ ላይ ነው። ለቢቢሲ ያን የሜዳ ክፍል ይዘግብ የነበረው አየርላንዳዊው ማይክል ኦሄር፣ ከውድድሩ በፊት የጋላቢዎቹ መመዘኛ ክፍል ገብቶ የማያውቃቸውን የልብስ ቀለሞች ሲያጠና ነበር። 23ኛው መሰናክል ሲዘጋና አንድ ፈረስ ብቻ ሲወጣ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል ስሙን ወዲያው የተናገረው ለዚህ ነው። የማይጠበቀውን ፈረስ ጭምር አጥንቶ ስለመጣ፣ የማይጠበቀው ሲሆን አፉ አልተያዘም።

ሦስተኛ የወጣው ፈረስ

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚያየው አንደኛውን ነው። ጥሩ ገማች ግን የተሸነፉትንም ያነብባል። የ1967ቱን ውጤት “ዕድል ነው” ብሎ መዝገቡን የዘጋ ሰው አንድ ትልቅ ነገር አመለጠው። ብራያን ፍሌቸር የጋለበው ሬድ አሊጌተር በ23ኛው መሰናክል ከተገቱት መካከል ነበር፤ እንዲያም ሆኖ እንደገና ዘልሎ ሦስተኛ ወጥቷል። ይህ ፈረስ ትንፋሽ እንዳለው፣ ሜዳውን እንደሚችል፣ ግርግር ልቡን እንደማይሰብረው መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት 1968 ብዙ ሰው የወደደው የሆሊውዱ ተዋናይ ግሪጎሪ ፔክ ንብረት የሆነውን ዲፈረንት ክላስን ነበር። ዲፈረንት ክላስ ሦስተኛ ወጣ። ሬድ አሊጌተር በዚያው በፍሌቸር እየተጋለበ በ20 የፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ተመኑ 100 ለ7 ነበር፤ ያለፈውን ዓመት ሽንፈት በጥሞና ላነበበ ሰው ደግ ዋጋ ነው። ፍሌቸር በኋላ በ1973 እና በ1974 ሬድ ረምን ጋልቦ ሁለት ጊዜ ደገመ። ጊፎርድ ግን ናሽናልን በጋላቢነት አላሸነፈም፤ በ1981 ያሸነፈውን አልዳኒቲን በአሰልጣኝነት አዘጋጅቶ ቁጭቱን ተወጣ። 23ኛው መሰናክልም ከ1984 ጀምሮ በይፋ በፎይናቨን ስም ይጠራል።

የገማች ሙያ የሚከበረው አሸናፊን በመጥራት ብቻ መሆን የለበትም። ያለውን መረጃ ሁሉ ሰብስቦ መመዘን፣ ከሚዛኑ ውጭ ያለው እንደማይቆጠር እያወቁ በልክ መናገር፣ ከዚያም ውጤቱ ሲመጣ ማን በብቃት ማን በአደጋ እንደተሸነፈ ለይቶ ለሚቀጥለው ቀን መያዝ፤ ይህ ነው ሙያው። በ1967 ሃኒ ኤንድን የመረጡት አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መዝገቡን እንደገና ያልገለጡት ናቸው።