«ፖርታል ገባሁ» ማለት ምን ማለት ነው?
ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የተጫዋቾች ዝውውር ለወላጆች



በዲሴምበር 2024 አንድ ምሽት ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ድንጋጤዋ ከድምጿ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ልጁ ‹ፖርታል ገባሁ› ብሎ ጻፈልኝ፤ ምንድን ነው እሱ? አባረሩት እንዴ?» አለችኝ። ልጁ ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ የትምህርቱም የማደሪያውም ወጪ በፉትቦል ስኮላርሺፕ ይሸፈንለታል። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ፉትቦልን የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶፋ ላይ ሆኜ ነው። «አይዞሽ፣ ትምህርት ቤት ሊቀይር ነው» አልኳትና ወደ ራቴ ተመለስኩ። መልሴ ስህተት አልነበረም፤ ጎደሎ ግን ነበር። ጉድለቱ ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ ላይ አወጋችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ቆየሁ። ልጆቻቸው በአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱ ወይም ለመጫወት የሚያስቡ ወገኖቼ እንደ እህቴ እንዳይደነግጡ፣ እንደ እኔም ቸኩለው እንዳይመልሱ በማለት ያገኘሁትን እነሆ አቅርቤዋለሁ። ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን ሞላላውን ኳስ ማለቴ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ድሮ እንዴት ነበር?

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር በምሕጻረ ቃል ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይባላል። ከፍተኛው የፉትቦል ምድብ በ2025 የውድድር ዘመን 136 ቡድኖች ነበሩት። እስከ 2018 በነበረው ደንብ መሠረት ትምህርት ቤት መቀየር የፈለገ ተጫዋች በመጀመሪያ ካለበት ትምህርት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ፈቃድ ካልተሰጠው ሌላው ትምህርት ቤት ሊያነጋግረው አይችልም፤ በመጀመሪያው ዓመትም ስኮላርሺፕ ሊሰጠው አይፈቀድለትም። አሠልጣኙ «ወደ እገሌና እገሌ ትምህርት ቤት አትሄድም» ብሎ መከልከልም ይችል ነበር። ይህን ሁሉ አልፎ የሄደውም ቢሆን በአዲሱ ቤቱ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጣል።

ዋናው ልዩ ሁኔታ የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ተጫዋች ጉዳይ ነበር። በ2011 ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ወደ ዊስኮንሰን ተዛውሮ ወዲያውኑ የተጫወተው ራስል ዊልሰን በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ይበልጥ የታወቀ ሳይሆን አይቀርም።

አሠልጣኙ ራሱ ግን እንዲህ ያለ እስር አልነበረበትም። የተሻለ ከፋይ ሲመጣ ውሉን አፍርሶ፣ ካሣው ተከፍሎለት፣ በማግስቱ ሌላ ከተማ ሥራ ይጀምራል። በእሱ ቃል ተማምኖ የመጣው የ18 ዓመት ልጅ ግን እዚያው ይቀራል። ነገሩ ፍትሐዊ አለመሆኑን ለማየት የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

2. በሩ እንዴት ተከፈተ?

በሩ የተከፈተው ደረጃ በደረጃ ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን 2018፦ የዝውውር ፖርታሉ ሥራ ጀመረ። ፖርታሉ የኮምፒውተር መዝገብ ነው። ተጫዋቹ መዛወር እንደሚፈልግ ሲያሳውቅ ትምህርት ቤቱ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ማስገባት ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም አሠልጣኝ ሊያነጋግረው ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ በዚሁ ቀረ።

ኤፕሪል 2021፦ አንድ ጊዜ የተዛወረ ተጫዋች ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው እንዲጫወት ተፈቀደ።

ጁላይ 1 ቀን 2021፦ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤን.አይ.ኤል. የሚባለው ይህ ነው። ከአሥር ቀን በፊት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልስተን ጉዳይ 9 ለ 0 በሆነ ድምፅ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.ን ረትቶት ነበር።

ዲሴምበር 2023፦ በዌስት ቨርጂኒያ የሚያስችል የፌዴራል ዳኛ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተዛወረን ተጫዋች ዓመት የሚያስቀምጠውን ደንብ አገዱ። በኤፕሪል 2024 ማኅበሩ የዝውውሩን የቁጥር ገደብ ራሱ አነሳው።

ጁን 6 ቀን 2025፦ «ሃውስ» በሚባለው ክስ የተደረሰው ስምምነት በዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጸደቀ። ከጁላይ 1 ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲያካፍል ተፈቀደለት።

ስም የማስገቢያው ጊዜ ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቷል። በ2022 በዓመት 60 ቀን እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ በ2024 ወደ 30 ቀን ወረደ፤ በ2026 ደግሞ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ያለው 15 ቀን ብቻ ሆነ።

3. የሒሳቡ ነገር

እዚህ ላይ ሙያዬ ይርዳኝ። አንድ የውሃ ታንከር ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ፣ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እኩል ነው። በዓመት የሚወጣው መጠን ታንከሩ የሚይዘው ለአማካይ የቆይታ ጊዜ ሲካፈል ይገኛል። የቡድን የተጫዋቾች ዝርዝርም እንዲሁ ነው።

ለብዙ ዓመታት አንድ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ስኮላርሺፕ 85 ነበር። ተጫዋች በአማካይ 4 ዓመት ቢቆይ በየዓመቱ 21 ያህል ይወጣል፣ 21 ያህል ይገባል። ቆይታው ወደ 2 ዓመት ቢያጥር ግን ቁጥሩ 42 ይሆናል፤ የቡድኑ ግማሽ በየዓመቱ አዲስ ሰው ነው ማለት ነው። ቀድሞ ይህን ፍሰት የሚገታ ሌላ ቧንቧ ነበር፤ ቡድኑ በዓመት ከ25 በላይ አዲስ የስኮላርሺፕ ተጫዋች እንዳያስፈርም የሚከለክለው ደንብ። እሱም በ2022 ለጊዜው ተነሣ፣ ኋላም ጭራሹን ቀረ።

ልብ በሉ፤ ፖርታሉ አንድም ወንበር አልጨመረም። አንድ ልጅ አዲስ ቦታ የሚያገኘው ሌላው ቦታውን ሲለቅ ነው። ስለዚህ ስማቸውን ካስገቡት ሁሉም ቦታ ሊያገኙ አይችሉም። አሠልጣኙ የ21 ዓመት ልምድ ያለው ተጫዋች ከሌላ ኮሌጅ ማምጣት ከቻለም፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚመጣው የ18 ዓመት ልጅ የሚተርፈው ወንበር ያንሳል። ልጆቻችሁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ይህን አስቡበት።

ከ2025 ወዲህ በሃውስ ስምምነት የገቡ ትምህርት ቤቶች የ85ቱ ገደብ ቀርቶ ጠቅላላ ዝርዝራቸው 105 እንዲሆን ተደርጓል። ለስኮላርሺፕ መልካም ነው፤ ያለ ስኮላርሺፕ በገዛ ፈቃዳቸው ሲለማመዱ ለነበሩት ግን ብዙዎቹን ከቡድን የሚያስወጣ ሆነ። ዳኛዋ በዚህ ምክንያት ማጽደቁን አዘግይተው፣ ቦታቸውን ያጡት ልጆች ከቁጥሩ ውጭ ሊመለሱ የሚችሉበት አንቀጽ እንዲገባ አድርገዋል።

4. አራት ቡድኖች

ኮሎራዶ፦ በ2022 አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 11 ተሸነፈ። አዲሱ አሠልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ በመጀመሪያው ስብሰባ የራሱን ልጆች ይዞ እንደሚመጣ ለነባሮቹ በግልጽ ነገራቸው፤ በ2023 ቡድኑ ከ80 በላይ አዳዲስ ተጫዋቾች ይዞ ቀረበ። 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። በ2024 9 አሸነፈ፤ ከጃክሰን ስቴት አብሮት የመጣው ትራቪስ ሃንተርም የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች የሃይስማን ሽልማት ወሰደ። ኮከቦቹ ከሄዱ በኋላ በ2025 ወደ 3 ድል ወረደ።

ኢንዲያና፦ ለረጅም ዘመን በሽንፈት የሚታወቅ ነበር፤ በ2023 ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ 13 ተጫዋቾች ከዚያው ተከትለውት መጡ። በ2024 11 አሸነፈ። በ2025 የውድድር ዘመን ደግሞ ከካሊፎርኒያ በርክሊ በተዛወረው ኳርተርባክ በፈርናንዶ ሜንዶዛ እየተመራ 16 ለ 0 ሆኖ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የማያሚውም ኳርተርባክ ከጆርጂያ የተዛወረ ነበር። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ ጄምስ ማዲሰን በአንድ ክረምት አሠልጣኙንም ልጆቹንም አጣ፤ ይሁን እንጂ እንደገና ተሠርቶ በ2025 ከ12ቱ የመጨረሻ ተፎካካሪዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ፍሎሪዳ ስቴት፦ በ2023 በተዛወሩ ኮከቦች እየታገዘ 13 ለ 0 ደረሰ። በ2024 ሌሎች ተዛዋሪዎችን አምጥቶ 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ።

አርሚ፦ የጦር አካዳሚ በመሆኑ ከሌላ ኮሌጅ መጥቶ መሃል ላይ መግባት የለም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። በዚያው በ2024 12 አሸንፎ የምድቡን ዋንጫ ወሰደ።

ከ2017 እስከ 2025 ሃይስማንን ካሸነፉት ዘጠኝ ተጫዋቾች ሰባቱ ከሌላ ኮሌጅ የተዛወሩ ናቸው። ልጆቻችን የሚያዩት እነዚህን ሰባት ነው። ፖርታል ገብተው ስልካቸው ሳይጮህ የቀሩትን የሚያሳይ ቴሌቪዥን የለም።

5. በሩ በሁለቱም በኩል ይከፈታል

ልጁ መሄድ የሚችልበት በር አሠልጣኙም የሚያስወጣበት በር ነው። አሠልጣኙ ልጁን ጠርቶ «የሚቀጥለው ዓመት ሜዳ አትገባም፤ ፖርታሉን ብታስብበት ይሻላል» ይለዋል። ይህ ማባረር አይባልም። ልጁ ስሙን ካስገባ በኋላ ግን የቀድሞው ትምህርት ቤት በሴሚስተሩ መጨረሻ ስኮላርሺፑን ሊያቋርጥ ይችላል። ሐሳቡን ለውጦ «ልቆይ» ቢል እንኳ መልሶ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

የእህቴም ልጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ አዲስ አሠልጣኝ መጥቶ ቦታ እንደሌለው ነገረው። ከሦስት ሳምንት ጭንቀት በኋላ አንድ አነስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሰጠው። «ክሬዲቶችህን በሙሉ ተቀብለናል» አሉት። ሁላችንም ተደሰትን።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ ልንገራችሁ። በዲቪዚዮን አንድ የሚጫወት ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶ ጨርሶ መገኘት አለበት። አለዚያ አይጫወትም። የሚቆጠረው ደግሞ ለያዘው የትምህርት ዘርፍ የሚሆን ክሬዲት ብቻ ነው።

ልጁ 47 ክሬዲት ይዞ ሄደ። እውነት ነው፣ ሁሉንም ተቀብለዋል፤ ለሲቪል ምሕንድስና የሚሆነው ግን 31ዱ ብቻ ነበር። የቀሩት «ነጻ ምርጫ» ተብለው መዝገብ ላይ ተቀመጡ። በጸደይ ሴሚስተር 15 ወስዶ 46 ደረሰ። ዲግሪው 128 ክሬዲት ስለሆነ 40 በመቶው 52 ነው። ስድስት ጎደለው፤ የሚያስፈልጉት ኮርሶችም በበጋ አይሰጡም ነበር። አማካሪው ሁለት መንገድ አሳየው፤ ዓመቱን ሳይጫወት መቀመጥ፣ ወይም ወደ ማኔጅመንት መቀየር። ልጁ የመጣው ለመጫወት ነው። ቀየረ።

እኔም በተማሪነቴ ዘመን ኮሌጅ ስቀይር ሦስት ኮርስ እንደገና ወስጃለሁ። ክሬዲት መቀበልና ክሬዲት ለዲግሪ መቁጠር የተለያዩ መሆናቸውን ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ምሽት አንድ ጥያቄ ብቻ ብጨምር ኖሮ ምናልባት እንዲሁ ይቀይር ይሆናል፤ ግን አውቆ ይመርጥ ነበር።

6. ስሙን ከማስገባቱ በፊት

አንደኛ፣ አሁን ያለውን ስኮላርሺፕ የሚያጣው መቼ ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት ስንት ክሬዲት ለዚያው ለሚማረው ዘርፍ ይቆጠራል? ይህን አሠልጣኙን ሳይሆን የትምህርት ክፍሉን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ? ገንዘብ ተስፋ ከተሰጠው ከፋዩ ማን ነው? ውሉን ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ይየው።

አራተኛ፣ በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ልጅ ከሆነ ዝውውሩ አዲስ አይ-20 ይጠይቃል፤ ቪዛው ሥራን ስለሚገድብም ምንም ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ አዋቂ ያማክር።

አምስተኛ፣ ጉልበቱ ቢጎዳና ነገ ፉትቦሉ ቢቀር፣ እዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ መቆየት ይፈልጋል?

እኔ በሩ መከፈቱን አልቃወምም። ወጣትን በፈቃድ ደብዳቤ አስሮ ሽማግሌው አሠልጣኝ እንዳሻው የሚዞርበት ዘመን ማለፉ ደግ ነው። የምለው በሩ ሲከፈት ከውጭ ያለውን አይቶ መውጣት ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ይጫወታል፤ ትምህርቱም ደህና ነው። እናቱ «ዋናው ጤናው ነው» ትላለች፤ ልከራከራት አልችልም። ባለፈው ለበዓል ሲመጣ ግን እኔ የምሠራበትን የድልድይ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ ቁጭ ብሎ ስለ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። በደንብ አስረዳሁት።

ቸር ያሰማን።