የቡና ገለፈት፣ ከሰልና የስምጥ ሸለቆ ውኃ

«ከሰል ውኃ ያጠራል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነትነት አለው፤ ሆኖም የትኛው ከሰል፣ ከምን ያጠራል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሙያዬ መሐንዲስ በመሆኔ፣ ናዝሬት ወይም ዝዋይ ላሉ ቤተሰቦቻቸው ማጣሪያ ገዝተው ለመላክ ያሰቡ ወዳጆች ስለሚጠይቁኝ መልሱን እዚህ ላስፍረው።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ዋና ችግር ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ውጤቱ የበለዘ ጥርስ፣ ሲብስም የደነደነ አከርካሪ ነው። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረታል። ገበያ ላይ ያለው ተራ የካርቦን ማጣሪያም ክሎሪን፣ ሽታና ፀረ ተባይ ይይዛል እንጂ ፍሎራይድን እምብዛም አያስቀርም።

አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ከተራ ከሰል የሚለየው በቀዳዳዎቹ ብዛት ነው። የቡና ገለፈት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በፎስፎሪክ አሲድ ተነክሮ ያድራል፤ ከዚያም አየር በማይገባው ዕቃ በ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ አሲዱ እስኪለቅ ይታጠባል። የጥሩ ካርቦን 1 ግራም የውስጥ ገጽ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ እኮ 420 ነው!

ይህም ሆኖ ለፍሎራይድ አይበቃም። ስለዚህ ካርቦኑ በአሉሚኒየም ሰልፌት (የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ የሚያጠሩበት ጨው ነው) ይነከራል፤ ቀስ እያለ ሶዳ ሲጨመርበት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ቀዳዳዎቹ ላይ ይለጠፋል። ፍሎራይዱን የሚይዘው ይኸው ሽፋን ነው፤ ካርቦኑ ተሸካሚ ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ በተጣራ ውኃ ሲሞከር ውጤቱ ያማረ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ፒኤቹ ከ8 በላይ፣ ባይካርቦኔቱም ብዙ ነው፤ ሁለቱም የሽፋኑን አቅም በእጅጉ ይቀንሳሉ። «ገለፈቱ በነፃ ስለሚገኝ ርካሽ ነው» የሚለውም አያሳምነኝም፤ የአሲዱን፣ የነዳጁንና የእጥበት ውኃውን ወጪ ማን ቆጠረው?

ፍሎራይድ ጣዕምም ቀለምም ስለሌለው ማጣሪያው ሲሞላ ቤተሰብ አያውቅም። እንግዲህ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተሞከረው በዚያው ጉድጓድ ውኃ ነው ወይ? ስንት ሊትር ካጣራ በኋላ ይቀየራል? በሚወጣው ውኃ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች መሆኑ ተለክቷል ወይ?