ቀለብ በእጅ ሲከፈል፦ የአንድ ክርክር ታሪክ

«በእጇ ሰጥቻለሁ» ይላል አባት። «የሰጠኸኝ ለጫማ ነው፤ ቀለቡ አልተከፈለም» ትላለች እናት። ይህ በአሜሪካ የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች የተለመደ ክርክር ነው። በሽማግሌ ፊት ተስማምተን ገንዘብን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ለለመድን ለእኛ፣ የአገሩ ሕግ ለምን ደረሰኝ እንደሚጠይቅ ማወቅ ይጠቅመናል።

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የልጅ ቀለብ በአብዛኛው የየክፍለ ግዛቱ ጉዳይ ነበር። ዳኛ ይወስናል፤ አባትየውን ፈልጎ ማስከፈሉ ግን ብዙ ጊዜ በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ የፌዴራሉን መንግሥት በማስፈጸሙ ሥራ አስገባ። በዚሁ ሕግ የመንግሥት የገንዘብ ድጎማ የምትቀበል እናት ቀለብ የመጠየቅ መብቷን ለክፍለ ግዛቱ እንድታስተላልፍ ተደረገ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አባት በእጅ በሰጠው ገንዘብ ልጁ ወተት ጠጥቶበት ይሆናል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ነው። አባት ዕዳ ይቆጠርበታል፤ እናትም የተቀበለችውን ካላሳወቀች ትጠየቃለች።

በ1986 በሴናተር ቢል ብራድሊ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ወጣ። የእያንዳንዱ ክፍያ ቀን ሲደርስ ያልተከፈለው እንደ ፍርድ ዕዳ እንዲቆጠርና ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀነስ ደነገገ። ዓላማው ዓመታት ቆይቶ ውዝፍን የማሰረዝን ልማድ ማስቀረት ነበር። ዳኛው ገንዘቡ ተከፍሎ እንደሆነ ማስረጃ ያያል እንጂ አዝኖ ዕዳውን አይሰርዝም። ስለዚህ ክርክሩ «ማን ተቸገረ?» ከማለት ይልቅ «ደረሰኙ የት አለ?» ወደሚለው አመዘነ።

በ1988 የወጣው ሕግ፣ ከ1994 ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ ውሳኔዎች ቀለብ ከደመወዝ ላይ ወዲያው እንዲቆረጥ አዘዘ። የ1996ቱ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ክፍያ ተቀብሎ የሚያከፋፍል አንድ ማዕከል እንዲያቋቁም አደረገ። ከዚህ ውጭ የተሰጠን ገንዘብ ብዙ ፍርድ ቤቶች እንደ ስጦታ ያዩታል። አንዳንዶቹ ግን እናት ተስማምታ ከነበረ፣ ወይም ልጁ ከአባቱ ጋር ከኖረ፣ ያስቡለታል።

መዝገቡ ለእናት ጋሻ ነው። ገንዘቡን በእጁ የሚያመጣ ሰው አንዳንዴ ጭቅጭቁንም ይዞ ይመጣልና። በሐቅ ለከፈለ አባትም ያው መዝገብ ምስክሩ ነው። ስለዚህ እህቶች፣ ገንዘብ በእጅ ከተቀበላችሁ ቀኑን፣ መጠኑንና የየትኛው ወር ቀለብ እንደሆነ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቁ። ስምምነታችሁ ከተለወጠም ውሳኔውን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በጊዜ አስለውጡ፤ ያለፈው ወር ዕዳ በቃል ስምምነት አይሰረዝም።